ያላደረስኳቸው ሁለት ስሞች

በሽኝቴ ዕለት ዋሸሁ። የጎባ ፍርድ ቤት ባልደረቦቼ ጋቢ ደርበውልኝ፣ ዳቦ አስቆርሰውኝ ሲያበቁ አንዲት በቅርቡ የተቀጠረች ጸሐፊ ብድግ ብላ «ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን አሳስተው የተረጎሙት ነገር የለም?» ስትል ጠየቀችኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለም» አልኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጣጥፍ ግን ራሴን ታዘብኩት። ዕድሜ ልኩን በሰው ቃል እንጀራ የበላ ሰው በመጨረሻው ቀን በራሱ ቃል ዋሽቶ ወጣ። ይህን የምጽፈው ያንን መልስ ለማረም ነው፤ እስክጨርስም ብዕሬን አላስቀምጥም።

አስተርጓሚ ነበርኩ። የድሮ ሰዎች ቱርጁማን ይሉናል። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ ጎባ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ። ግዕዙን ከቄስ ትምህርት ቤት፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጣላና ስታረቅ አገኘሁት። በንጉሡ ዘመን በባሌ ችሎቱ በአማርኛ፣ ባለጉዳዩ ግን በአብዛኛው በኦሮምኛ ነበርና ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ሥራ አያጣም ነበር። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ጎሮ ነው። ገበሬው አንዴ ለከብቱ፣ አንዴ ለክሱ ከሚመላለስ በአንድ ጉዞ ይጨርስ ተብሎ ችሎቱ የሚበዛው በገበያ ቀን ነበር። ከመስኮቱ ውጭ በሬ ያገሳል፣ ነጋዴ ይጮኻል፤ እኔ መሐል ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ አስተረጉማለሁ። ያኔ ትርጉም ማለት ፍጥነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ሲናገሩ «ሴራ» የምትል ቃል ከአፋቸው ወጣች። ጸሐፊው እኔን ሳይጠብቅ ሽማግሌዎቹ ሴራ ጠነሰሱ ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። በኦሮምኛ ሴራ ሕግ ነው። ቶሎ ብዬ አስቆምኩትና ሁለታችንም ሳቅን። ምን እንዳሳቀን ለሽማግሌው ስነግራቸው እሳቸው አልሳቁም። «ሕግ እናንተ ዘንድ ተንኮል ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ከጎሮ ወደ ሮቤ ስዛወር የተቀበሉኝ ሐጂ አደም ነበሩ። ሐጂ የሮቤ ሰው ናቸው። ቁርኣን አስተምረዋል፣ ጨርቅ ነግደዋል፣ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ገብተው በአስተርጓሚነት ሸምግለዋል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲሄዱ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። የጎሮውን ታሪክ ላስቃቸው ብዬ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ከኪሳቸው አንድ ጥግ ጥጉ ያለቀ ደብተር አወጡ።

«ሴራ በኦሮሞ ሕግ ነው። በአማራ ተንኮል ነው። በዓረብ ሲራ የሰው አካሄዱ ነው፣ ኑሮው» አሉ። «ዘመዳሞች ናቸው?»

«ይመስላሉ» አልኩ።

«መምሰሉንማ እኔም አይቻለሁ። ዘመዳሞች ናቸው ወይ ነው ያልኩህ።»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። አላውቅም ማለትን ከለመድክ ቱርጁማን ትሆናለህ፣ ኢንሻአላህ።»

በዚያ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ለአንድ ቃል ነው። ሐጂ ከሥራ በፊት አንድ ቃል ይሰጡኝና ሥሩን በአራት ቋንቋ አስፈልገው ነበር። የመጀመሪያው ራሱ ሥር የሚለው ነው። እኛ የዛፉንም ሥር፣ የደሙንም ሥር በአንድ ስም እንጠራለን። ኦሮሞ ሂዳ ይላል፤ የዛፍ ሥርም፣ የደም ሥርም፣ የሰው ዘርም ሂዳ ነው። ዓረቡ ዒርቅ ይላል፤ እሱም ሦስቱንም ይይዛል። «ድምፃቸው አይገናኝም» አሉኝ ሐጂ፣ «ሐሳባቸው ግን አንድ ቦታ ውሃ ይጠጣል። እናንተ ብቻ ዘርን ስትቆጥሩ ሐረግ ብላችሁ ከምድር በላይ ታወጡታላችሁ።» ይህን ሲሉ ፈገግ ማለታቸውን አስታውሳለሁ።

ሌላ ቀን የሰጡኝ የእኛኑ የሥራ ቃል ነበር። ምስክር በግዕዝ ሰማዕት ነው፤ ሥሩ መስማት ነው። በዓረብኛ ሸሂድ ነው፤ ሥሩ በቦታው መገኘት፣ ማየት ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ለእምነቱ የሞተውንም በዚያው ቃል ይጠሩታል። ኦሮሞው ደግሞ ዱጋ ባቱ ይላል፤ ዱጋ እውነት ነው፣ ባቱ ተሸካሚ። ምስክር የሚለው የአማርኛው ቃል ሥሩ ምን እንደሆነ ግን ሐጂ አላገኙትም፤ በገጹ ላይ ቦታውን ባዶ ትተውት ነበር። እኔም እስከ ዛሬ አልሞላሁትም።

ከቃሉ ይልቅ የተማርኩት ግን አሠራራቸውን ነው። ችሎት ከመጀመሩ በፊት ከምስክሩ ጋር ውጭ አጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። ስለ ጉዳዩ አንድም አይጠይቁም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ ብቻ ያወራሉ። የሰውየውን አነጋገር ጆሯቸው እንዲለምደው ነው። ችሎት ሲገቡ ከምስክሩ በስተኋላ ትንሽ ወደ ግራ ይቆማሉ፤ ዳኛው እሳቸውን ሳይሆን ምስክሩን እንዲያይ። ከሁሉ በላይ ግን መቁጠሪያቸው ነበር። ለጸሎት በሚይዙት መቁጠሪያ ምስክሩ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ሲተረጉሙ ደግሞ አንድ በአንድ ወደ ግራ ይመልሳሉ። ሁሉም ፍሬ ሳይመለስ አይቀመጡም። እኔም የእናቴን የጸሎት መቁጠሪያ አምጥቼ ያንኑ ለመድኩ።

ከሮቤ ወደ ጎባ በዕድገት የተዛወርኩት ሐጂ ዐይናቸው ደክሞ ሥራ ሲለቁ ነው። ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ናት፤ መዝገቡ ይበዛል፣ ዳኛው ይቸኩላል። አለቃዬ የነበሩት ዳኛ ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል «በአጭሩ» ስለነበር እኛ ከጀርባቸው ዳኛ በአጭሩ እንላቸው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። የገጠር ሽማግሌ ቃሉን በምርቃት ሲጀምር ግን ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ማንኳኳት ይጀምራሉ። ስለዚህ የጎባ አስተርጓሚዎች አንድ ልማድ አውጥተው ነበር። ሽማግሌው ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ዳኛውን፣ የዳኛውን ልጆች መርቆ እስኪጨርስ ዝም ብለው ይቆሙና «መርቋል» ብለው ያልፉታል። እኔም ያንን ተማርኩ። ምርቃት ላይ የመቁጠሪያዬን ፍሬ መግፋት ተውኩ። ዳኛው «አንተ ሥራ ታውቃለህ» ብለው አመሰገኑኝ፤ ደስ አለኝ።

አዴ ፋጡማ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። የሪራ መንደር ሴት ናቸው፤ ትውልዳቸው ግን አንገቱ በሚባል አገር ነው፣ በጋብቻ ወደ ሪራ የመጡ። ባላቸው ሞተው ከሁለት ሴት ልጆች ጋር ቀርተዋል። ኑሯቸው ማር ነው። የባላቸው ወገን ከጥንት ጀምሮ ቀፎ የሚሰቅልባቸው አሥራ አንድ ዛፎች ሐረና ጫካ ውስጥ አሉ። ባልየው ከሞቱ በኋላ አንድ ጎረቤት ዛፎቹ የአባቴ ናቸው ብሎ ቀፎዎቹን አወረደ። ዛፎቹ ከሄዱ ሴትየዋ ሪራ ላይ የሚያኖራቸው ነገር የለም፤ ልጆቻቸውን ይዘው ባዶ እጃቸውን ወደ አንገቱ፣ ወንድሞቻቸው ደጅ መመለስ ነው።

የቆጠሩት ምስክር አንድ ነበር፤ ኦቦ ጅሎ የሚባሉ የሪራ አዛውንት፣ የቀፎ ሰቃዮቹ አባት። የሳነቴን ደጋ በበቅሎ አቋርጠው፣ ብርዱ ከንፈራቸውን ሰንጥቆት ነው የደረሱት። ያን ቀን መዝገብ በዝቶ ስለነበር ውጭ አብሬያቸው አልተቀመጥኩም። ችሎት ገብተው ምለው፣ በትራቸውን ተደግፈው «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩ። ዝናቡ ወቅቱን ይጠብቅ አሉ። ንቡ አይሰደድ አሉ። ዳኛው ዕድሜው ይርዘም አሉ። ከዚያ በዚያው ዜማ ስሞች መጥራት ጀመሩ፤ እገሌ ለእገሌ፣ እገሌም ለእገሌ እያሉ። ዘራቸውን እየቆጠሩ የሚመርቁ መሰለኝ። ብዕሩ መንኳኳት ጀመረ። እኔም ዐይኔ ዳኛው ላይ፣ ጣቴ መቁጠሪያው ላይ ሥራ ፈቶ፣ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

«መርቋል፤ የዘር ሐረጉን ቆጥሯል» አልኩ። «ዛፎቹ የሴትየዋ ባል ንብረት ናቸው ይላል።»

«እንዴት አወቀ?» አሉ ዳኛው።

ጥያቄውን በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ኦቦ ጅሎ ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩኝ። «ሂሜራ» አሉ። ተናግሬያለሁ ማለታቸው ነው።

«ይድገመው» አሉ ዳኛው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእነሱ ወግ የምስክር ቃል አንዴ ነው የሚወጣው፤ የደገመው ሰው የመጀመሪያውን አላምንበትም ያለ ያህል ነው። ይህን አስረዳሁ። ዳኛው ግን ምስክሩ እንዴት እንዳወቀ ሊያስረዳ አልቻለም ብለው ጻፉ። ዛፎቹ ለጎረቤትየው ተፈረዱ።

ውጭ አዴ ፋጡማ ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ ይዘው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ኦቦ ጅሎ የዛፎቹን ስም አልጠሩም?» አሉኝ።

«የምን ስም?»

«እያንዳንዱ ዛፍ መጀመሪያ ቀፎ በሰቀለበት ሰው ስም ነው የሚጠራው። ማን ሰቀለው፣ ለማን ተወው፣ እስከ ሟቹ ባለቤቴ ድረስ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ይናገራሉ ብዬ ነው ያመጣኋቸው።»

ምርቃት ነው ብዬ የጣልኩት ምስክርነቱ ራሱ ነበር። የሚያሳፍረኝ እስከ ዛሬ ይሄ ነው፤ ያን ሰዓት «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ሳልላቸው ሄዱ።

የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ወዳጄ ነበር፤ ነገርኩት። «አፍህን ዝጋ» አለኝ። «የማልክ ሰው ነህ። ብትናገር ትባረራለህ፤ መባረር ብቻ ከሆነም ዕድለኛ ነህ።» ልክ ነበር። በማግስቱ ግን ሮቤ ወርጄ ሐጂ ቤት ገባሁ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስንት ፍሬ ቀረብህ?» አሉኝ።

«አልገፋሁም ሐጂ። ምርቃት መሰለኝ።»

እንዲቆጡኝ ተመኘሁ፤ አልተቆጡም። «ሰውየው ሸክሙን ጫካ አቋርጦ፣ ብርድ አቋርጦ አመጣ። እዚህ ደርሶ ለአንተ አስረከበ። አንተ ደጃፉ ላይ ጣልከው። ሂድና አንሳው» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ፈለጉ፤ ዐይናቸው እምብዛም አያይም ነበር። «ይግባኙ ከማለፉ በፊት» ብለው ጨመሩ።

ፈቃድ ጠይቄ በቅሎ ተከራይቼ ሪራ ወረድኩ። ኦቦ ጅሎ በወግ ተቀበሉኝ። ወተት አቀረቡልኝ፤ ቤተሰቤን፣ ጤናዬን፣ የጎባን ዝናብ ጠየቁኝ። ከዚያ ጥፋቴን ተናገርኩና «አባቴ፣ እንደገና ይንገሩኝ፤ እኔ ላድርሰው» ብዬ ለመንኳቸው።

«ሲፍ ኬኔራ» አሉኝ። ሰጥቼሃለሁ። «ባዱ።» ተሸከመው።

ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ተናደድኩ፣ እውነቱን ልናገር። አንዲት ሴት ቤቷ ሲፈርስ ይህ ሽማግሌ በወጉ ይኮራል አልኩ በሆዴ። የጣልኩት ግን እኔ ነኝና የምናደድበት መብት እንደሌለኝ ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። አዴ ፋጡማ ቤት ሄጄ በመጨረሻ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳቸው። ብዙ ካዩኝ በኋላ ገጀራቸውን አነሱ። «ና፣ ዛፎቹን ላሳይህ» አሉኝ።

ሦስት ቀን ከዛፍ ዛፍ ዞርን። በየዛፉ ሥር በዙሪያው የሚሠሩ ማር ቆራጮችን እየጠራን ጠየቅን። የቦሩ ኮሶ፣ የዋርዮ ዝግባ፣ የሮባ ኮሶ እያልኩ አንድ ስም ባገኘሁ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ቀኝ ገፋሁ። ስሙን ስሰማ ደግሞ የሽማግሌው ድምፅ ተመልሶ ይመጣብኝ ጀመር፤ ጆሮዬ ሰምቶት ኖሯል፣ እኔ ነኝ ያልተቀበልኩት። ዘጠኙን ከነተራቸው፣ ከነተረካቢያቸው አገኘሁ። ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት ዝግባዎች ግን የሚያውቃቸው ጠፋ። ቅርፊታቸው ላይ የነበረው የቀፎ ሰቃይ ምልክት በመጥረቢያ ተልጦ ወርዷል። ሰዉ መንታዎቹ ብቻ ይላቸዋል። የኦቦ ጅሎ ልጅ ከአባቱ የተማረው አለ አሉኝ፤ እሱ ግን ወታደር ሆኖ የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም ነበር። ይግባኙ ሊያልፍ ቀናት ቀርተውት ነበርና ዘጠኙን ይዤ ተመለስኩ።

በይግባኙ ችሎት ሦስት ዳኞች ተቀምጠው ነበር። ተነሥቼ ከሌላው ሁሉ በፊት የራሴን ጥፋት ተናገርኩ። ምርቃት እየዘለልን የማለፍ ልማድ እንዳለን፣ በዚያ ልማድ የአንድ ሰው ምስክርነት እንዳስቀረሁ ተናገርኩ።

«ይህን ስትል ሥራህን ልታጣ እንደምትችል ታውቃለህ?» አሉኝ መሐል ያሉት ዳኛ።

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ቀጥል።»

እንደገና ተጠርተው ከቆሙት ከኦቦ ጅሎ በስተኋላ ትንሽ ወደ ግራ ቆምኩ። ዝናቡ ወቅቱን ይጠብቅ ብዬ ከምርቃቱ ጀመርኩ። አንድ ስም፣ አንድ ፍሬ። የሽማግሌው ጀርባ ከፊቴ ነው፤ ስሳሳት ይንቀሳቀስ እንደሆነ እያየሁ ነበር። አልተንቀሳቀሰም። ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ።

«ሌሎቹስ?» አለ የጎረቤትየው ነገረ ፈጅ። «ለዘጠኙ ታማኝ ሆነህ ሁለቱን ረሳህ?»

«ሁለቱን አላውቅም» አልኩ። ያን ያህል ከብዶኝ የወጣ ቃል የለም። ፈጥሬ ሁለት ስም ብጠራ ከሽማግሌው በቀር ማንም አያውቅብኝም ነበር።

ዳኛው ሽማግሌውን «የተናገሩት ይህን ነው?» ብለው አስጠየቁ። መድገም ሳይሆን ማጽናት ነበርና ኦቦ ጅሎ መለሱ። «ዱጋ» አሉ። እውነት ነው።

ዘጠኙ ዛፍ ለአዴ ፋጡማ ተፈረደ። ሁለቱ ማስረጃ አልቀረበባቸውም ተብለው ከጎረቤትየው ጋር ቀሩ። ሴትየዋ ከሪራ አልተነሡም፤ ልጆቻቸውንም እዚያው ዳሩ። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኝ ወደ ጎሮ ተመለስኩ። ከችሎት ስንወጣ ኦቦ ጅሎ መቁጠሪያዬን ከእጄ ወስደው የመጨረሻዎቹን ሁለት ፍሬዎች በጣታቸው ያዙ። «እነዚህ አንተ ጋ ናቸው» ብለው መለሱልኝ።

ከጎሮ ወደ ጎባ እስክመለስ ዓመታት ፈጁ። ዳኛ በአጭሩ እዚያው ነበሩ። «በአጭሩ!» ሲሉኝ «ጌታዬ፣ እሳቸው አላሳጠሩም» እላለሁ። መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ተሰላቹ፣ በመጨረሻ ብዕራቸውን ማንኳኳት ተዉ። ከእኔ በኋላ የገቡትን አስተርጓሚዎች ሁሉ ከምርቃቱ እንዲጀምሩ አስተማርኩ። እምቢ ያለኝን አልለቅቀውም ነበር፤ ግትር ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ሐጂ ሲሞቱ ደብተሩን ለእኔ ተናዝዘውልኝ ነበር።

ኦቦ ጅሎ ያረፉት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ለቅሶ ልደርስ ሪራ ወረድኩ። ወታደር የነበረው ልጃቸው ሸምግሎ ተመልሶ፣ ዱዓውን የሚመራው እሱ ነበር። ዝናቡ ወቅቱን ይጠብቅ ብሎ ጀመረ፤ ንቡ አይሰደድ አለ። ከዚያ በአባቱ ዜማ ስሞቹን መጥራት ያዘ። እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ። ከአራተኛው ስም ቀጥሎ ሁለት ስሞች መጡ፣ እኔ የማላውቃቸው። እዚያው ለቀስተኛ መሐል አለቀስኩ፤ ሰው ለሟቹ መሰለው።

ስነሣ አዴ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። አርጅተው ከበራቸው አይርቁም ነበር። መዝገቡ ከተዘጋ ዘመን ሆኖታል፤ ከመንታዎቹም አንደኛው ተቆርጦ ነበር። ቢሆንም ስሞቹን ነገርኳቸው። አንዴ በለሆሳስ ደገሟቸው። «ቆየህ ልጄ» አሉኝ።

እንግዲህ ጸሐፊዋ፣ የጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱ፣ አዎ፣ አለ ነው። መዝገቡ ውስጥ አታገኚውም፤ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩልሽ። ከቦሩ፣ ከዋርዮ፣ ከሮባና ከዱቤ ቀጥሎ ያሉት መንታ ዝግባዎች፣ አንደኛው የሂርጶ ነበር፤ ሁለተኛው የገልገሎ።